ለኩርፊያ አምስት ኮከብ

ትናንት ሌሊት አንድ ኩዊር ሮማንስ ኖቬላ (አጠር ያለ ልብወለድ) ጨረስኩ፣ ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት፣ ሽፋኑ የሚያምር፣ ያነበበው ሁሉ «አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አበጠ» ያለለት። እኔም አልቅሻለሁ፣ ላልተኛሁት እንቅልፍ።

ዋናውን ገጸ ባህሪ ታውቁታላችሁ፣ ስሙ ይቀያየራል እንጂ በየመጽሐፉ አለ። ቆንጆ ነው፣ ልቡ ቆስሏል፣ አይናገርም። አለመናገሩ ጥልቀት ነው አሉ። እኛ ኩርፊያ ስንለው የኖርነው ነገር ማለት ነው፣ ይቅር ይበለን።

ፍቅረኛው ማታ ደክሞት ከስራ ይገባል፣ ጀግናችን «ምን ፊልም እንይ?» ሲለው «እንደፈለግክ» ይለዋል። በቃ። ከዚህች አንድ ቃል የወጣውን ስነጽሑፍ እዩልኝ። ጀግናችን ሻወር ቤት ገብቶ ቃሏን ሶስት ገጽ ሙሉ በለታት፣ «እንደ» ላይ ቅዝቃዜ አገኘ፣ «ፈለግክ» ላይ ክህደት። ከዛ ወጣ፣ ዝናቡም (ሁሌ እሱን ነው የሚጠብቀው) ጀመረ። ስልኩን አጠፋ። ማን እንደደወለ ለማየት ከፈተው፣ ለካ በተዘጋ ስልክ ማንም አልገባለትም፣ ልቡ ተሰበረ፣ መልሶ አጠፋው። ደብዳቤ ጻፈ፣ ቀደደ፣ በቀደደው አዘነ። የድሮ ፍቅረኛው ሶፋ ላይ ሁለት ሌሊት አደረ፣ የሰውየውን ሹራብ ለብሶ ወጣ። በአራተኛው ቀን ያ ምስኪን ፍቅረኛው ሆስፒታል ሳይቀር ሲፈልገው ከርሞ አገኘውና እግሩ ስር ወድቆ ይቅርታ ጠየቀው። ለምኑ? ለፊልሙ! ጀግናችንም ትንሽ አሰብ አድርጎ ማረው። ፊልሙ እስካሁን አልተመረጠም።

የአኩራፊ ምሳው እራቱ ነው ሲባል ነበር የምሰማው፣ እዚህ ግን ምሳውም እራቱም አልጋው ድረስ ይቀርብለታል።

የጸሐፊውን ቁጠባ ደግሞ ላድንቅ። በሁጎ (የሳይንስ ልብወለድና የፋንታሲ ድርሰቶች) ሽልማት መስፈርት ኖቬላ ማለት ከ17,500 እስከ 40,000 ቃል ነው፣ ለሌላው ሰው ሁለት ልብ ለማገናኘት እንኳን የማይበቃ። የኛው መዋደዱን በአንድ ምዕራፍ ገላገለና የቀረውን ለኩርፊያ መደበው። ያ ፍቅረኛ ስራው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስቀው እስከመጨረሻው አልተነገረኝም፣ ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ ነው የማውቀው። ሪቪው ላይ ቅር አለኝ ብትሉ ደግሞ «የሚያናድደው ሆን ተብሎ ነው፣ አልገባህም» የሚል ሊቅ አይጠፋም። ገብቶኛል ጌታዬ፣ ተናድጃለሁ፣ ተሳክቶላችኋል።

ቆይ ግን፣ አሁን አልቀልድም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የሚለውን ልብወለድ የጻፈው በ1913 እና 1914 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሁለት ወንዶች ተዋደው፣ ሳይሞቱ፣ ሳይቀጡ አብረው ሲቀሩ የሚያሳይ መጨረሻ ካልሆነ አልጽፍም ብሎ ጻፈውና ደብቆት ኖረ፣ በ1970 ሞተ፣ መጽሐፉ በ1971 ወጣ። ሰው ዕድሜ ልኩን ደብቆ ያቆየውን ደስተኛ መጨረሻ እናንተ ፍቅረኛውን በዝምታ ለሚቀጣ ሰው ትሸልሙና «ውክልና» ትሉታላችሁ? አንድ ወንድ ይሄን ሴት ላይ ቢያደርገው ኮ «እህቴ፣ ሩጪ» ነበር የምትሏት። ያኛው ልጅ ሩጥ የሚለው ሰው አይገባውም?

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ክፍል ሁለት እየመጣ ነው፣ ይጋባሉ አሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ምስኪን ነው፣ «ሰርጉን መቼ እናድርገው?» ሲባል እንዳይሳሳት። ሐሙስ በል ወንድሜ። ዝም ብለህ ሐሙስ በል።