የመጨረሻው ሯጭ ሰዓት

በውጭ አገር አንዲት አነስተኛ ከተማ፣ እሑድ ጠዋት፣ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ሩጫ መነሻው ላይ ሐበሻ ብቅ ሲል አጠገቡ የቆመው ሰው ፈገግ ብሎ «ዛሬማ የምታሸንፈው አንተ ነህ» ይለዋል። በክፋት አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ ወዲህ ስማችን ከሩጫ ጋር አብሮ ይጠራል። የሚያሳዝነው እኛም ነገሩን አምነነው መቅረታችን ነው። ጠዋት ጠዋት በየፓርኩ ሶምሶማ የሚሮጡ ስንትና ስንት ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ውድድር ተመዝገቡ ሲባሉ ግን «ኢትዮጵያዊ ሆኜ ከኋላ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ይቀራሉ።

ነገሩ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። እዚያ «ሯጭ ነው» የሚባለው ክለብና አሠልጣኝ ያለው፣ እንጀራው ሩጫ የሆነ ሰው ነው። ሌላው ዕድሜ ልኩን ቢሮጥ «ስፖርት ይሠራል» ነው የሚባለው። ውጭ አገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን የምትሮጥ የ63 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ «ሯጭ ነኝ» ብትል ማንንም አይገርመውም። ውጤት ሲወጣ ከጠቅላላው 412ኛ ብትሆንም፣ ከ60 እስከ 64 ዓመት ካሉት ሴቶች 2ኛ ሆና ስሟን ታገኘዋለች። ምድቡ በየአምስት ወይም በየአሥር ዓመቱ ስለሚከፋፈል ሰው የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ነው።

ለኋለኛው ሯጭ ያለው ክብር ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን መንገዱ ሲለካ ነው። 10 ኪሎ ሜትር የተባለው ውድድር በእውነት 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ የሚረጋገጠው በመኪናም በእጅ ሰዓትም ሳይሆን በብስክሌት ነው። በፊተኛው ጎማ መሐል ላይ የጎማውን ዙር የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ ትገጠማለች። ለኪው መጀመሪያ ቢያንስ 300 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካና በዚያው ላይ አራት ጊዜ በብስክሌት ይመላለሳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በመሣሪያዋ ስንት ቁጥር እንደሚሆን የሚያወጣው ከዚህ ነው። የውድድሩን መንገድ ለክቶ ሲጨርስም ተመልሶ ያንኑ አራት ጊዜ ይደግመዋል። ጠዋት በብርድ የተነፋ ጎማ ፀሐይ ሲመታው ስለሚያብጥ፣ ዙሪያው ይሰፋል፣ ቁጥሩም ይዛባል። ለኪው የሚነዳው ደግሞ አንድ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው እጅግ አጭር መስመር፣ በኩርባው ላይ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ነው። በዚህም አያበቃም፤ መንገዱ ከተባለው እንዳያንስ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። ለማራቶን 42 ሜትር መሆኑ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ግማሽ ማራቶን ጨርሶ የእጅ ሰዓቱ 21.35 ኪሎ ሜትር ሲያሳየው «አስረዝመውብናል» ብሎ ይከራከራል። ማንም አላስረዘመበትም። ኩርባውን በውጭ በኩል ዞሯል፣ ሰው ለማለፍ ግራ ቀኝ ብሏል፣ የሳተላይቱ ምልክትም በፎቅና በዛፍ መካከል ሲያልፍ ይወላገዳል። ጉዳቱ የሚመጣው ፍጥነት ሲሰላ ነው። 21.0975 ኪሎ ሜትርን በ2 ሰዓት ለመጨረስ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ ያስፈልጋል። የእጅ ሰዓቱ መጨረሻ ላይ 21.35 የሚያሳይ ከሆነ ግን፣ በመስኮቱ መታየት ያለበት 5 ከ37 ነው። 5 ከ41 እያየ ተረጋግቶ የሮጠ ሰው መድረሻው ላይ ከ2 ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አልፎበት ያገኘዋል። ይህን ለማስቀረት ሰዓቱ በራሱ ኪሎ ሜትር የሚቆርጥበትን ቅንብር ማጥፋትና መንገድ ዳር በተተከለው የኪሎ ሜትር ምልክት ላይ ቁልፉን በእጅ መጫን ነው።

ደረት ላይ የሚለጠፈው ቁጥርም አያያዝ አለው። ከጀርባው የተለጠፈችው ቀጭን ቺፕ ናት በመነሻና በመድረሻ ባለው ምንጣፍ ላይ ሲታለፍ ሰዓት የምታስመዘግበው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ምልክቱን ይውጠዋል። ብዙዎቹ ቁጥሮች ቺፗ ከሰውነት ትንሽ እንድትርቅ ቀጭን ስፖንጅ የሚደረግባቸው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ሰፋብኝ ብሎ ማጠፍ፣ ከጃኬት ሥር መደበቅ፣ ወገብ ላይ ወደ ጀርባ ማዞር፣ ሁሉም ስምን ከውጤት ዝርዝሩ ሊያስቀር ይችላል። በአራቱም ማዕዘን በመርፌ ቁልፍ ይያዝ፣ ደረት ላይ ይዋል። ከኋላው ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ለጌጥ የተተወ አይደለም። የሚወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማዎት ነገር፣ እንዲሁም በዕለቱ የማይሮጥ የአንድ ዘመድ ስልክ ይጻፍበት። ቁጥርን ለጓደኛ አሳልፎ መስጠት የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ወድቆ ቢገኝ ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው ስም ይሆናል።

ወደ አገር ቤት እንምጣ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። በየመንገዱ የሚጨፈረው፣ የሚዘፈነው፣ እናት ከልጇ ጋር አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሳ የምትሄደው፣ ይህ በውጭ አገር ትንንሽ ሩጫዎች ላይ ብዙም አይታይም። እዚያ ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን እያዳመጠ ዝም ብሎ ይሮጣል። ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወገን አዲስ አበባ ላይ የራሱን ምርጥ ሰዓት ለማሻሻል ካሰበ ሁለት ነገሮች ይቀድሙታል። አንደኛው ሕዝቡ ነው፤ ከመሐል የተነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሚሄደው በሰው ትከሻ መካከል ነው። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። «ተወልጄ ያደግሁበት አይደል» የሚለው አይሠራም፤ ደማችን የሚያውቀው አሁን የምንኖርበትን ከፍታ ነው። ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ገብቶ እሑድ የሚሮጥ ሰው ከለመደው ፍጥነት ቢያንስ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንስ። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ወዲያው ወደ እርምጃ ይውረድ፤ አንዴ ከአቅሙ ካለፈ በኋላ ቆሞ ቢያርፍም ቶሎ አይመለስለትም። ለመላመድ ሁለት ሳምንት ቢያገኝ ይሻላል።

በተራራና በጫካ መንገድ የሚደረገው ውድድር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ውጭ ያለነው ሐበሾች ከሁሉ የምንሸሸውም እሱን ነው። በጎዳና ልምድ የገባ ሰው የሚሳሳተው ከርቀቱ ላይ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ሲባል «10ሩን በአንድ ሰዓት ስለምጨርስ ሁለት ሰዓት ይበቃኛል» ይላል። የሚታሰበው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የ100 ሜትር ዳገት እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይቆጠራል። 20 ኪሎ ሜትሩ በድምሩ 1,000 ሜትር ዳገት ካለው 30 ኪሎ ሜትር እንደ መሮጥ ነውና ለዚያ ሰው ሦስት ሰዓት ነው፤ ጭቃ ካለ ከዚያም ያልፋል። ውሃና ምግብ የሚያዘው በሰዓቱ ልክ እንጂ በኪሎ ሜትሩ ልክ አይደለም።

ሰዎች ግዴታ ያዙ የተባሉትን ዕቃ እንደ ሸክም ያዩታል። ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የምትብለጨለጭ ቀጭን የሙቀት ብርድ ልብስ፣ ፊሽካ፣ የግንባር መብራት፣ የራስ ኩባያ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት የተቀመጠ ሯጭ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ሙቀቱን የሚሰጠው ሩጫውም ቆሟል። ነፍስ አድን ሰው እስኪደርስ የሚያቆየው ያ ጃኬትና ያ ብርድ ልብስ ነው። በመንገድ ላይ የተጎዳ ሰው ሲገኝ ደግሞ ቆሞ መርዳት ግዴታ ነው፤ ጥሎ ያለፈ ከውድድር ይሰረዛል። አቅጣጫ የሚያሳየው በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ የታሰረ ሪባን ነው። ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ሪባን ያላየ ሰው ወደፊት መቀጠል የለበትም፤ መጨረሻ ወዳያት ሪባን ይመለስ። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ የሚሄዱ ጠራጊዎች አሉ፣ ሪባኑን እየፈቱ ነው የሚያልፉት። በዚህ ምክንያት መንገድ ስቶ ከእነሱ ኋላ የቀረ ሰው ምልክት የሌለበት ጫካ ውስጥ ነው ያለው።

በልምምድ በኩል ግን ያለ ጥርጥር አገር ቤት ይበልጣል። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ጠዋት የሚወጡ አትሌቶች በባሕር ዛፍ መካከል አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ የፊተኛውን እግር እያዩ፣ ግራ ቀኝ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲያጋጥም የፊተኛው በእጁ ያሳያል። ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ፣ ማለትም ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከምናምን የሚሮጥ ሰው፣ በዝግታ ቀኑ ጫካ ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ሲወስድበት ቅር አይለውም። ጫካ፣ ኮሮኮንችና አስፋልት በየቀናቸው ይለያያሉ፤ አስፋልቱ ለጠንካራው ቀን ይቀመጣል። ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን ግን ብቻውን፣ በየቀኑ በዚያው አስፋልት፣ ውድድር ላይ በ6 ደቂቃ የሚሮጠውን ኪሎ ሜትር ልምምድ ላይ በ6 ከ10 ይሮጠዋል። ሦስት ወር ሳይሞላው ቅልጥሙ ያመዋል፣ ከዚያ ይተወዋል። የቅዳሜ ጠዋት ሣር ወይም ጫካ ፈልገው ስድስት ሰባት ሆነው የሚሰለፉ፣ ከመካከላቸው ደካማው እንደ ልብ እያወራ በሚሮጥበት ፍጥነት የሚሄዱ ዓመት ከዓመት ሲሮጡ ይታያሉ።

አገር ቤት በየክልሉ ከተማ ሩጫ የማዘጋጀት ፍላጎቱ አለ፤ ሐዋሳ በየዓመቱ ግማሽ ማራቶን ታስተናግዳለች። ትንንሾቹ ከተሞች ለ5 እና ለ10 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልጋቸው ብዙ ገንዘብ አይደለም። 50 ሜትር የብረት ሜትር፣ አንድ ብስክሌት፣ የጎማ ዙር የሚቆጥር መሣሪያና መንገድ ሳይከፈት በፊት ጎህ ሲቀድ የሚነሣ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዳርን በመሳሰሉ ከተሞች ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይጠፋም። መድረሻው ላይ ቁጥርና ሰዓት የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ይቁሙ፤ አንዱ ቁጥሩን ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ከሠራ ተከታትለው ሲገቡ ይደባለቅበታል። አሸናፊው ሲገባ የሕዝቡ ዓይን ወደ ሽልማቱ መድረክ ስለሚዞር፣ ገመዱ እንዳይነሣና መንገዱ ለመኪና እንዳይለቀቅ አንድ ሰው በኃላፊነት ይመደብ። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ በእግሩ የሚሄድ ሌላ ሰው ይኑር፤ እሱ መድረሻው ላይ እስኪታይ ድረስ ሰዓቱ ይቁጠር።