ማሲንቆዬን የዋጠው ቤዝ

ሰዎች፣ ዛሬ ይህንን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥራዬ ደሴና ኮምቦልቻ መመላለስ ነው። በመሃላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም አራቴ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መንገድ ላይ ከሙዚቃ ሌላ ጓደኛ የለኝም። የምሰማው ደግሞ አምባሰልና ባቲ ነው። ማሲንቆው ሲያለቅስ፣ ዘፋኟ በስንኝና በስንኝ መሃል ትንፋሿን ስትስብ መስማት እፈልጋለሁ። በቃ ይኸው ነው ጥያቄዬ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። አብሯት የመጣው ቴፕ ለጃፓን የተሠራ ስለሆነ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚይዘው፤ የኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። የስፒከሮቹም ወረቀት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይቀየር አልኩና አንድ ሱቅ ገባሁ። "ጥርት ያለ ድምፅ ነው የምፈልገው" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አብሽር ወንድሜ፣ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ነው የምሠራልህ!" ኧረ ማን መስታወት ይንቀጥቀጥልኝ አለ?

ቴፑን ቀየረው፣ የበሮቹን ስፒከሮችም ገጠመ። ሲሞክረው ድምፁ ሳሳ። "አየህ፣ ቤዝ ያንሰዋል" አለኝና አምፕ (የድምፅ ማጉያ) እና አንድ ትልቅ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር፣ ጨመረልኝ። 23 ሺህ ብር ከኪሴ ወጣ። አምፑ ላይ በትልቁ "1000 ዋት" ተጽፏል። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳየው ፊዩዙ 20 አምፔር ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይቃጠላል። ሞተር ሲሠራ የሚያገኘው 14 ቮልት ገደማ ነው። 20ን በ14 አባዙት፣ 280 ዋት ነው። ከዚያውም ላይ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ታዲያ ሺው ዋት ከየት መጣ? ሰው እኮ ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ብር ነው የሚከፍለው! አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ማለትም አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ትክክለኛ ጉልበት የሚነግረኝ ሻጭ አንድ እንኳ አላገኘሁም።

ከሁሉ የባሰው ግን ፉጨቱ ነው። የሐረጎን ዳገት ስይዝ፣ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር "ዊይይይ" እያለ አብሮኝ ይወጣል፣ ማርሽ ስቀይር ይወርዳል፣ መልሼ ስረግጥ እንደገና ይወጣል፣ ያውም ማሲንቆው ላይ ተደርቦ! ተመልሼ ሄድኩ። "ዲናሞህ ነው፣ ቀይረው" አለኝ። ዲናሞዬ ጤነኛ ነው። ደግሜ ስሄድ "አብሽር፣ ይለመዳል" አለኝ። አይለመድም! አብሽር ማለት እኮ እኛ ወሎዬዎች ሰው ሲጨነቅ የምናጽናናበት ቃል ነው። የተበላሸ ሥራ መሸፈኛ ሲሆን ያማል።

እሁድ ዕለት ራሴ ከፈትኩት። የኋላውን ምንጣፍ ገልጬ የአምፑን ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የማይነስ ሽቦ፣ ፈለግኩ። ጥቁሩ ሽቦ በአንዲት ትንሽ ብሎን ቀለም ላይ ታስሯል። ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም! ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም እኮ። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩትና መልሼ አጠበቅኩት። የድምፁ ገመድም ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር አብሮ ተጠፍሮ ነበር፤ ለይቼ በሌላኛው ጎን አሳለፍኩት። አስነሳሁ። ረገጥኩ። ጭጭ።

እጄን ካስገባሁ አይቀር ብዬ የግራውን በር ፈታሁ። እዚያ ያየሁት ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። የስፒከሩ ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ነው የታሰረው! አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። "ቤዝ ያንሰዋል" የተባልኩት ለካ በዚህ ነው! እሱ ያበላሸውን ሊያስተካክል ሌላ ዕቃ ሸጠልኝ። ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ፣ ምንም ብር አላወጣሁም፣ የዘፋኟ ድምፅ መሃል ላይ መጥቶ ቁጭ አለ።

ቤዙን ነቅዬ ሳሎን አስቀምጬዋለሁ። ነገ ጠዋት ተሸክሜው እሄዳለሁ፣ ብሬን ይመልስልኝ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ገጥሞ ሲጨርስ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ በአላህ ጠቁሙኝ፤ የስፒከሮቹ ድምፅ እንዳይባክን መደፈን ያለበት የበሮቹ ውስጥ ቀዳዳ ገና አልተደፈነም።