ይድረስ መኪና ቆሞ ሞተር ሲያስዞሩ ለሚያድሩት ለክቡር ሚኒሞ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ለእሱም ምስጋናው የእርስዎ ነው። ይህን የምጽፍልዎ አዳማ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት አንድ ግቢ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጋቢናዬ ውስጥ ተጋድሜ ነው። በስተቀኜ በቆመው ባለ ተሳቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምረው ሥራ ላይ ነዎት። ዱ-ዱ-ዱ-ዱ። ትጋትዎ ያስቀናል። አንዲት ስንዝር ሳይንቀሳቀስ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።

የቀድሞ ደንበኛዎ ነኝና ውለታዎን አልክድም። ሚሌ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች፣ ጋላፊ ላይ ተሰልፌ ጎህ የቀደደብኝን እርስዎም ያስታውሷቸዋል። እዚያ ሌሊቱ ራሱ ያልበዋል፤ ሞተር አስነስቶ በኤሲ የተኛን ሰው ማን ይፈርድበታል? ግን አዳማ ምን ይሠራሉ? ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ነን። እሺ፣ ግንቦት ነው፤ ቀኑ ጠብሶን ውሏል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ንፋሱ ሸራ እያራገበ ነው። ይኸው ንፋስ እኮ ነው ከከተማው ጫፍ ኮረብታው ላይ 136 ተርባይን ያስተከለው፣ 204 ሜጋ ዋት የሚያስመነጨው! አገር በንፋስ መብራት ያበራል፤ እኛ ከሥሩ ቆመን፣ መስኮታችንን ዘግተን፣ ንፋስ በናፍጣ እንገዛለን።

ዋጋዎም ቀላል አይደለም። የከባድ መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 27 ሊትር መሆኑ ነው፤ አንድ ጄሪካን ሞልቶ ሰባት ሊትር ይተርፋል። ለዚህ የምናገኘው ምቾት ደግሞ ይገርመኛል። እርስዎ ያሉት ከአልጋዬ ሥር ነው። ከታች ምጣድ ጥደው፣ ከላይ ፍሪጅ ከፍተው፣ መሐል ላይ እኔን እያንቀጠቀጡ ያሳድሩኛል። ድፎ ዳቦ እንኳ እንዲህ አልተጋገረም።

ጠበቆችዎ ብዙ ናቸው። «የናፍጣ ሞተር የሚበላሸው ሲጠፋ ነው» የሚሉ አሉ። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር አቀበት ጨርሶ ሲቆም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይዙር የሚለው ምክር እውነት ነው፤ የእኛ ሰው አምስቷን ደቂቃ ተቀብሎ ዘጠኝ ሰዓት አደረጋት። ሙቀትዎ ደግሞ ለእኔ ጀርባ ቢበቃም ለናፍጣው አይበቃም፤ በደንብ ስለማይቃጠል ጥላሸቱ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ላይ ይጋገራል፣ የተረፈው ሲሊንደሩን አጥቦ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከዚያ ጋራዥ ገብተን ዕድላችንን እናማርራለን።

እውነቱን ላውጣው፤ የእኔስ ምክንያት ሙቀት አልነበረም። ባትሪ ነበር። ሁለቱም አርጅተው፣ ሞተሩን አጥፍቼ ካደርኩ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጭነት የያዘ መኪና ተገፍቶ አይነሳ ነገር! ለሰው ግን «ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ» እል ነበር፣ ለሚስቴም ጭምር። እንዲህ እያልኩ የባትሪውን ዋጋ በናፍጣ ደጋግሜ ከፈልኩ፤ ባትሪው ግን አልነበረኝም።

አሁን ባትሪዎቹ ተቀይረዋል። ስደርስ የመኪናውን ጎን ለንፋሱ ሰጥቼ እቆማለሁ። ሁለቱን መስኮቶች አራት አራት ጣት ዝቅ አደርጋለሁ (ከዚያ ካለፈ ሌባውም አየር ልቀበል ይላል)። ከአሮጌ አጎበር ቆርጬ ያሰፋሁትን ለወባ ትንኟ እወጥርላታለሁ። ቀን ፀሐይ ላይ ከቆምኩ የፊት መስታወቱን በካርቶን እጋርዳለሁ፤ ረዳቴ «ሱቅ ከፈትን እንዴ?» ይለኛል። ትንሿ ባለ 24 ቮልት ፋን 30 ዋት ብትወስድ በዘጠኝ ሰዓት 270 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 12 ቮልት፣ 150 አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት ደህና ባትሪዎች 3,600 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አትነካም። ሲነጋጋ ብርድ ብርድ ሲለኝ ጋቢና ውስጥ ጋቢ እደርባለሁ።

ዛሬ ግን ይህ ሁሉ አልሠራም። የጭስ ማውጫዎ፣ ማርሚታዎ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበ ቆየ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ነው። ስለዚህ አራት ጣቴን መልሼ ዘጋሁ፤ አሁን በእርስዎ ምክንያት ሞቆኛል።

በመጨረሻ ወርጄ ሾፌሩን ልቀሰቅስ በሩን አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ መታሁት። ጥበቃው ካፖርቱን ጠቅልሎ መጣና «ማንን ነው የምትፈልገው? በትርፍ ቁልፍ ቆልፎ፣ ረዳቱን ይዞ ማዶ አልጋ ይዟል» አለኝ።

ታዲያ ክቡርነትዎ፣ ማንን እያቀዘቀዙ ነው?

የቀድሞ ደንበኛዎ፣
በስተግራ ከቆመው መኪና