ደሞዝ የማይጠይቀው ጆሮ ጠቢ

ድሮ ጆሮ ጠቢ መልክ ነበረው። ጋሽ ታደሰ በደርግ ጊዜ ሻይ በሚጠጡበት ቤት አንዱ ጥግ ይዞ ጋዜጣ ይዘረጋ ነበር አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ አይገልጥም። ሻዩ በረዶ ይሆናል።

«እሱ ሲገባ ወሬያችንን ወደ ኳስ እናዞራለን» ይላሉ።

የዛሬውን ግን ገዝተን ያመጣነው እኛው ነን። ማታ ማታ ቻርጅ እናደርገዋለን። አጠገባችን ይተኛል። ፊቱ ሲሰነጠቅማ እንደ ልጅ እናዝንለታለን።

ቅዳሜ ኳስ ለማየት እሳቸው ቤት ሄጄ ስልኬን ቲቪው ፊት አስቀመጥኩና የአልፎንሶን ነገር አጫወትኳቸው። አልፎንሶ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኒውዮርክ ታይምስ እንደጻፈው ሶፍትዌሩ ጉግል ፕሌይ ላይ ባሉ ከ250 በላይ ጌሞች ውስጥ ነበር። የልጆች ጌም ሳይቀር። ልጁ ይጫወታል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ ሳሎን ያለው ቲቪ የትኛውን ማስታወቂያ እንዳሳየ ይለይ ነበር። መረጃው ለአስተዋዋቂዎች ይሄድ ነበር።

«ሳያስፈቅድ?»

«ያስፈቅድ ነበር፣ ጋሼ።» እንዴት ልንገራቸው? እኛ «እስማማለሁ»ን የምንጫነው ያልሰማነውን ምርቃት «አሜን» እንደምንለው ነው።

«ኪስህ ውስጥ ሲሆንስ?»

«ጌሙ ካልተዘጋ ኪስ ውስጥም ይሰማ ነበር።»

«ስንት ይከፍሉታል?»

«ማንን?»

«ስልክህን! የኛው እኮ ደሞዝተኛ ነበር።»

ዝም አልኩ። ካርድ የምሞላለት እኔ ነኝ።

የስፔኑ ይብሳል። የላሊጋ አፕ የጨዋታ ሰዓት ሲደርስ የደጋፊውን ማይክሮፎን ይከፍት ነበር፤ የት እንዳለም ያይ ነበር። ለምን? የተቀመጠበት ቡና ቤት ጨዋታውን ሳይከፍል እያሳየ እንደሆነ ለማጣራት። አስቡት፤ ሰውየው ቢራውን ይዞ «ጎል!» እያለ ይዘላል፣ ስልኩ ቢራውን በዱቤ የሰጠውን ባለቤት ያሳብቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሩ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊጉ ላይ 250 ሺህ ዩሮ ቅጣት ጣለ፤ ለተጠቃሚው በቅጡ አላሳወቀም ብሎ።

ጋሼን ቅጣቱ አልገረማቸውም። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«እኛ ከጆሮ ጠቢ ለማምለጥ ነበር እኮ ስለ ኳስ የምናወራው!»

ላጽናናቸው ሞከርኩ። ሁለቱም ድርጅቶች የሰው ወሬ አንሰማም እንዳሉ ነገርኳቸው። የላሊጋው አፕ ድምፁን ወደ ኮድ ይቀይርና ከጨዋታው ድምፅ ጋር ያመሳክር ነበር፤ ከዚያ ውጭ የሚገባው ነገር አልነበረም።

«ያኛውም አይገባውም ነበር» አሉ። «ግን ይጽፋል።»

ትንሽ ቆይተው ወደ ስልኬ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዲሹ ከጎረቤት የተሳበ መሆኑን ሰምቷል?»

መልሴን አልጠበቁም። ስልኬን አንስተው መሶቡ ውስጥ ከተቱትና ክዳኑን ገጠሙ። እረፍት ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሲጀምር ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ቀነሱት።