ዝናብን ብቻ የሚናገር ትንበያ ለአርባ ምንጭ ሙዝ አይበቃም

የበልግ ትንበያ ይፋ በሆነ ቁጥር መገናኛ ብዙኃን ተቀባብለው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዝናቡ መደበኛ ይሆናል፣ ከመደበኛ በላይ ወይስ ከመደበኛ በታች? ጤፍና በቆሎ ለሚዘራ፣ ከብቱን ለግጦሽ ለሚያሰማራ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከጋሞ ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ሙዝ ለሚያለማው ገበሬ ግን የመልሱ ግማሽ ይጎድለዋል። በጫኖ ሚሌ ማሳውን ከሐሬ ወንዝ በመስኖ የሚያጠጣ አርሶ አደር ዝናቡ ጥቂት ቢዘገይ መላ አያጣም፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሣ ወጀብ ግን ዓመት ሙሉ የደከመበትን በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያስተኛበታል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነፋስን ጨርሶ ዘንግቶታል ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በየ10 ቀኑ በሚያወጣቸው መግለጫዎች «በጥቂት ስፍራዎች ላይ ነጎድጓድና ኃይለኛ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል» የሚል ዓይነት አገላለጽ መስማት የተለመደ ነው። የእኔ ቅሬታ ነፋሱ በዚህ ሁሉ የዝናብ ተቀጥላ ሆኖ መቅረቡ ላይ ነው። ከየት አቅጣጫ፣ በየትኛው የቀን ክፍል፣ በምን ያህል ፍጥነት የሚለው ሳይነገር ይታለፋል፤ ሙዝ አልሚው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

የሸለቆው አቀማመጥ ራሱ ነፋሱን ያባብሰዋል። የሐይቆቹ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ሲሆን የጉጌ ተራራ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ጠዋት ፀሐይ ያሞቀችው አየር ተዳፋቱን እየተከተለ ይወጣና ከሰዓት በኋላ በደጋዎቹ በጨንቻና በዶርዜ ሰማይ ላይ ደመና ይቆልላል። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በከፊል ወደ ላይ በሚተንበት ጊዜ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ክብደት ስላለው ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ሜዳው ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ አቧራውን የሚያየው፣ ዝናቡ የሚደርሰው ዘግይቶ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ነፋሱን ቀምሶ ዝናቡን ሳያገኝ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ዛሬ ዝናብ የለም» የሚል ትንበያ ትክክል ሆኖም ማሳው ሊወድም ይችላል ማለት ነው።

ሙዝ ዛፍ መስሎ ቢታይም ግንድ የምንለው ነገር ተጠቅልለው የተደራረቡ የቅጠል እግሮች ስብስብ ነው፤ እንጨት የለውም። ሥሩም በአብዛኛው በላይኛው የአፈር ንጣፍ ውስጥ ይሰራጫል እንጂ ጠልቆ አይሄድም። ነፋስ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚወድቀውም ከአናቱ ዘለላ የተሸከመው፣ ገበሬው ለመሸጥ ቀን የሚቆጥርለት ተክል ነው። ያልጎለመሰ ፍሬ ከወደቀ ነጋዴ አያነሣውም፤ ከሥር የሚበቅለው ተተኪ ቡቃያ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ ብዙ ወራት ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ የሙዝ ዋጋ ሲንር ጣታችንን ነጋዴው ላይ ብቻ መቀሰር ይቀናናል፤ ሸለቆው ውስጥ ምን ነፍሶ እንደነበር የሚጠይቅ ግን የለም።

አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ምን ይፈይዳል? ዘለላ የያዘውን ተክል በባላ መደገፍ፣ የደረሰውን ቶሎ ቆርጦ መሸጥ፣ ማዳበሪያ መጨመርን ማቆየት ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሃ ነው። መሬቱ በውሃ ከራሰ ሥሩ የሚይዘው ያጣና ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ስለዚህ ነፋስ በሚጠበቅበት ዋዜማ ማሳን አለማጠጣት ይመከራል። ምክሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የመስኖ ውሃ በተራ የሚታደል በመሆኑ ዛሬ ተራውን የተወ ገበሬ በጠራራ ፀሐይ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ይኖርበታል። ስለሆነም ብዙው ሰው ማስጠንቀቂያ ቢሰማም ማጠጣቱን አይተውም፤ አያስወቅሰውም። መልእክቱ ለእያንዳንዱ ገበሬ ብቻ ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ለሚደራጁት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም መድረስ አለበት፤ ማኅበሩ ተራውን በጋራ ካሸጋሸገ ማንም ተጎጂ አይሆንም። የትንበያ ባለሙያዎችና የመስኖ ባለሙያዎች ተገናኝተው ይህን እንዲነጋገሩበት የሚያስገድድ አሠራር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያ የለንም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው ሦስተኛው ትውልድ መቴኦሳት የተባለው የአውሮፓ የአየር ጠባይ ሳተላይት በአፍሪካም ላይ ጭምር የመብረቅ ብልጭታን ይከታተላል፤ የደመናውን ምስልም በየ10 ደቂቃው ይልካል። በጨንቻ በኩል የሚቆለለውን ደመና ከወዲሁ አይቶ ሜዳው ላይ ላለው ሰው በሰዓታት ቀድሞ መናገር ባይቻል እንኳ፣ ዘለላ ለመቁረጥና ሠራተኛን ወደ መጠለያ ለማስገባት የሚበቃ ጊዜ መስጠት ይቻላል። ለማድረሻውም ገበሬዎች የግብርና መረጃ ለማግኘት የሚደውሉበት የ8028 የስልክ መስመር አለ። የሚያስፈልገው መልእክቱ በድምፅ፣ በጋሞኛም ጭምር፣ ሳይደወል ወደ ገበሬው ስልክ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ቢስትስ የሚል ሥጋት አለ፤ ተገቢም ነው። ባላ ለማቆም የሚወጣው ጉልበት ከወደቀ ማሳ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ በመሆኑ ገበሬው ጥቂት ስሕተቶችን መታገሥ የሚከብደው አይመስለኝም፤ ደመና አይቶ መዝራትና መተው የለመደ ሰው ነውና። የሚያስቀይመው እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ አስመስሎ መንገር ነው።

የቀረው መዝገብ ነው። ወጀብ ባለፈ ማግስት ስንት ተክል እንደወደቀ፣ በስንት ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በአንድ ቅጽ ቢሞላ ኢንስቲትዩቱ ትንበያውን የሚመዝንበት ነገር ያገኛል። በአገራችን የተሞከሩት የአየር ጠባይ መድኖች በአብዛኛው በዝናብ መጠን ወይም ሳተላይት በሚያሳየው የዕፅዋት ልምላሜ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ዝናቡ ሳይጓደል ነፋስ ላስተኛው ሙዝ የሚከፍሉት የላቸውም፤ ቅጹ ለመድን ድርጅቶችም መነሻ ይሆናል። ሥራውን ለመጀመር ከመጪው ሚያዝያ በፊት ያሉት ወራት ይበቃሉ።