ፐርሰንት ብቻ የያዘ የሐኪም ወረቀት አይበቃም

እጁ አንድ ነው። አንዱ ሐኪም 15 በመቶ ቋሚ ጉዳት ደርሶበታል ይላል፣ ሌላው 35። ሁለቱም ወረቀቶች ማኅተም አላቸው። ዳኛው የተጎጂውን ካሳ ሲወስን የትኛውን ይመን?

ሒሳቡን እንሥራው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የጡረታ ሕጉ ለማይሸፍነውና በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት የመሥራት አቅሙን ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ላጣ ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዝ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ክፍያው በመቶኛው ልክ ነው። እዚህ ባሕር ዳር በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የእንጨት ቤት ሠራተኛ ማሽን ይዞት የእጁ አንጓ ተሰበረ እንበል። የአምስት ዓመቱ 360,000 ብር ይሆናል። በ15 በመቶ 54,000 ብር ይደርሰዋል፣ በ35 በመቶ 126,000። ልዩነቱ የአንድ ዓመት ሙሉ ደመወዙ ነው።

እንዲህ ሲሆን ሰው ቶሎ ብሎ ጉቦ ነው ይላል። ልዩነቱ ግን ሐቀኛ በሆኑ ሐኪሞች መካከልም ይፈጠራል። ጀሶው እንደተፈታ የታየ እጅና ፊዚዮቴራፒ ጨርሶ በዓመቱ የታየ እጅ አንድ አይደለም። ጤነኛ አንጓ ወደ መዳፍ በኩል 80 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ኋላ ደግሞ 70 ገደማ ይታጠፋል። አንዱ ሐኪም ይህን በማዕዘን መለኪያ ይለካል። ሌላው “እስቲ እጠፈው” ብሎ በዓይኑ ይገምታል። ሕመሙን አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ይተወዋል። ወረቀቱ ላይ ግን የሚወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ለሥራ ላይ ጉዳት ሕጉ መጠኑን የሐኪሞች ቦርድ በሠንጠረዥ እንዲወስን ያዛል። የባጃጅ አደጋ ሲሆን ክርክሩ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሄዳል። በቁጥር 2081 የተሽከርካሪው ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። ስለዚህ ጭቅጭቁ በአብዛኛው ስንት ይከፈል በሚለው ላይ ነው። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ ግምት፣ እንዲወስን ይፈቅዳል። ርትዕ ማለት ግን 15ና 35ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይደለም። 25 በመቶን የትኛውም ሐኪም አላየውም።

ፍርድ ቤቶቻችን የምርመራው ቀን፣ የተለካው ዲግሪና የሠንጠረዡ መስመር ያልተጻፈበትን ወረቀት መልሰው ይላኩ። ሁለት ወረቀት ከተጋጨ ሐኪሞቹን አንድ ላይ ጠርተው ይጠይቁ። አውስትራሊያ ውስጥ ባለሙያዎች ዳኛ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተያዩ ቃላቸውን የሚሰጡበት አሠራር አለ። ፊት ለፊት ሲሆን የሚለያዩበት ነጥብ ቶሎ ይጠራል።

በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕመምተኛውን ብዛት ያየ ሰው፣ ሐኪም ችሎት ማስቀመጥ ቀላል ነው አይልም። አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዋናው ሥራ ወረቀቱ ላይ ማለቅ ያለበት። አንድ ተጨማሪ መስመር መጻፍ የሐኪሙን ደቂቃ ይወስዳል። ከዘጌ በጀልባ ለሚመላለስ ተጎጂ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀጠሮ የአንድ ቀን ሥራና የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስወጣዋል።