"ለዚህ ጊዜ ብቻ" ላላችሁ የጅማ ሰዎች

ባለፈው የእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ያጨበጨባችሁ ጎረቤቶቼ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ለእኔም ነው፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም ብያለሁና።

ላልነበራችሁበት ልንገራችሁ። የሊቀመንበራችን የሥራ ዘመን አልቋል፤ ምርጫ መደረግ፣ ሂሳብም መመርመር ነበረበት። "ልዩ ልዩ" የሚለው አጀንዳ ላይ ስንደርስ፣ ሰው ለመሄድ ነጠላውን ሲያስተካክል፣ ብድግ ብሎ "ዘንድሮ ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ምርጫውም ኦዲቱም ለዚህ ጊዜ ብቻ ይለፈን" አለ። አስከትሎም፣ መዋጮ ያዘገዩ ተከራዮች ከመዝገብ ይሰረዙ አለ። ደንባችን ከመሰረዙ በፊት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ይነገረው ይላል። ደንቡን ያነሣ የለም። ጭብጨባው ለሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ጀርባ ታዝሎ አለፈ።

ወር ሳይሞላ ከተሰረዙት የአንዱ እናት ሞተች። የእድሩ ድንኳን መጋዘን ተቆልፎበት፣ ለቀስተኛው በላስቲክ ሸራ ሥር ተቀመጠ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ከየቤቱ የተለቀመው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነበር። ያጨበጨባችሁትም መጥታችሁ አልቅሳችኋል፤ አይቻለሁ።

እድርን ከሙሶሊኒና ከሂትለር ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር ኖሬ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አምባገነን በር ሰብሮ የሚገባው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ይከፈትለታል። ከፋቹም ወዳጁ ብቻ አይደለም፤ "መጀመሪያ ያን የጠላሁትን ያስወግድልኝ፣ እሱን በኋላ እኔ አውቅለታለሁ" የሚል ብልጥ ጭምር ነው።

ጣሊያንን ተመልከቱ፤ የውጭዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1921 ምርጫ አዛውንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሊቲ ሶሻሊስቶቹን ለመምታት ሲሉ ፋሽስቶቹን ከራሳቸው ወገን ዕጩዎች ጋር አሰለፏቸው። ፋሽስቶቹ 35 ወንበር አገኙ፤ ከ500 በላይ ወንበር ባለው ምክር ቤት 35 ብቻ። በዓመቱ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ወደ ሮም ሲዘምቱ መንግሥት የወታደራዊ አስተዳደር አዋጅ አዘጋጀ፤ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ግን አልፈርምም አሉ። ሙሶሊኒ ራሱ ያኔ ሚላኖ ነበር። ዘመተ የሚባለው ሰውዬ ሮም የገባው ተጠርቶ፣ በሌሊት ባቡር ነው።

ቀጥሎ ምክር ቤቱ ራሱ፣ ከድምፁ ሩቡን አግኝቶ አንደኛ የወጣ ወገን ሁለት ሦስተኛውን ወንበር ይውሰድ የሚል ሕግ አጸደቀ። ሊበራሎቹም ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። በ1924 ማቴኦቲ የሚባል የሶሻሊስት እንደራሴ፣ ምርጫው የዱላና የማጭበርበር ነው ብሎ እየተጮኸበት ተናገረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከመንገድ ላይ አፍነው ወሰዱት፤ ከሁለት ወር በኋላ ሬሳው ተገኘ። ተቃዋሚዎቹ ተቆጥተው ምክር ቤቱን ጥለው ወጡና ንጉሡ አንድ ነገር ያደርጋሉ ብለው ጠበቁ። ንጉሡ ምንም አላደረጉም። እነሱም የተዉትን ወንበር ዳግመኛ አላገኙትም።

ጀርመን ደግሞ የባሰ ነው። ሕዝቡ ሂትለርን መርጦ አነገሠው ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። በ1928 የናዚ ፓርቲ ድምፅ ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ ሥራ አጡ ስድስት ሚሊዮን ሲደርስ፣ በሐምሌ 1932 ከመቶ 37 አገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ግን ወደ 33 ወረደ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ድምፅ አጣ። እየወረደ ያለውን ሰው ሦስት ወር ሳይሞላ መራሔ መንግሥት ያደረጉት፣ ቀደም ሲል ራሱ መራሔ መንግሥት የነበረው ወግ አጥባቂው ፎን ፓፐንና መሰሎቹ ናቸው። ካቢኔው ውስጥ ከሂትለር ሌላ ናዚዎች ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ በእጃችን ነው ብለው ተማመኑ። በዓመት ከመንፈቁ የፓፐን ረዳቶች ተረሸኑ፣ እሱም በቤቱ ታሰረ። ከሂትለር በፊት የነበረው መራሔ መንግሥት ሽላይኸር ከነሚስቱ ቤቱ ውስጥ ተገደለ።

"ለጊዜው" የምትለውን ቃል እዚያም ታገኟታላችሁ። የምክር ቤቱ ሕንጻ በተቃጠለ ማግስት የወጣው ድንጋጌ የመናገርን፣ የመሰብሰብን፣ ያለ ፍርድ ያለመታሰርን መብት ያገደው ለጊዜው ነበር። ያ ጊዜ እስከ 1945 ቆየ። መጀመሪያ የታፈሱት ኮሚኒስቶች ነበሩ፤ ስንቱ በልቡ "እሰይ" እንዳለ አስቡት። ሥልጣኑን ሁሉ ለሂትለር የሚሰጠው ሕግ ሲቀርብ 444 ደግፈው 94 ተቃወሙ። የተቃወሙት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ብቻ ናቸው። የኮሚኒስቶቹ ወንበር ባዶ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ደግሞ ለዓመታት ከናዚ ይልቅ እርስ በርስ ሲናከሱ የከረሙ ናቸው።

የራሳችን ሰው ይህን ሲሰማ፣ በአብዮቱ ዘመን የተናከሱት ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ መኢሶንና ኢሕአፓ፣ ትዝ ሊሉት ይገባል። ደርግ "ያለ ምንም ደም" ብሎ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ረሸነ። በጊዜው "ደግ አደረጋቸው" ያለ አልጠፋም። መኢሶን "ሂሳዊ ድጋፍ" ብሎ ከደርግ ጎን ቆመና ኢሕአፓ ሲታደን አብሮ አደነ፤ በ1969 ነሐሴ ተራው ደርሶት ራሱ ሸሸ። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ፣ የአውሬ መፈንጫ ይሆናል እንጂ!

(ፋሽስት የሚለውን ስድብ ቡና ዋጋ ሲወርድም፣ ታክሲ ሲያረፍድም የምትወረውሩ ሰዎች፣ ተዉ። ቃሉ ከጣሊያንኛው ፋሽዮ የመጣ ነው፤ እስር፣ ነዶ ማለት ነው። ድር ቢያብር ለምንል ሰዎች ለእድር ስም እንኳ ባማረ ነበር። ከስሙ ማንነቱን የምታውቁት አይምሰላችሁ።)

ያ የሌሊት ባቡር ሮም ላይ አልቆመም። በ13 ዓመቱ የእኛ ደጅ ደረሰ። ፈረንጅ አራዳ ስታልፉ ፎቶ የምትነሱባቸው ቤቶች ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ባደረገ ጊዜ የቀሩ ናቸው። በ1922 ንጉሡ አልፈርምም ሲሉ "ደግ" ብሎ የተኛ የሮም ነጋዴ፣ ዝምታው ኢትዮጵያን በመርዝ ጋዝ ለሚወጋ፣ ጅማም ድረስ ለሚመጣ ጦር መንገድ እንደሚከፍት አልታየውም።

እናንተስ? የሰፈሩ ልጅ ያለ መጥሪያ ሲወሰድ "አንድ ነገር ባያደርግ ነው" የምትሉት ለምንድን ነው? ልጁ እኮ ያስቀየማችሁ ምሽት ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ነው። አንዱ "የነእንቶኔ ዘር ካልተነቀለ ሰላም የለም" ሲል ስኒያችሁን እያሽከረከራችሁ የምትስቁት፣ እንቶኔዎቹ እናንተ ስላልሆናችሁ አይደለም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ጅቡ ገና አጥሩን ሲሻገር ውሻውን አስረን ያስቀመጥን ሰዎች ነን።

ከለቅሶው መልስ የእድሩን ጸሐፊ ደንቡን አሳየኝ አልሁት። ፈልጎ ፈልጎ ከመጋዘኑ፣ ከድንኳኑ ሥር አወጣው፤ ጥጉን አይጥ በልቶታል፣ የምርጫው አንቀጽ ግን ይነበባል። ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አሥር ቅጂ ይዣለሁ።

የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለ። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሦስት ነጥብ አለው፣ ሦስተኛው አሁንም "ልዩ ልዩ" ይላል። ነጠላችሁን ለማስተካከል አትቸኩሉ። ቅጂውን እዚያው በር ላይ ቆሜ አድላለሁ።